ሹሙን በየትኛው ጠባዩ እንመዝነው?

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፤

ዛሬ እንድንነጋገርበት ያቀረብሁት ጉዳይ አንድ ሰው በመንግሥት ወንበር ላይ በተቀመጠ ጊዜ እኛ ባለጉዳዮቹ ስለ ግል ጠባዩ ምን እንደምናስብ፣ የትኛውን ጠባዩን እንደምናወድስለት፣ የትኛውን አይተን እንዳላየን እንደምናልፍለት፣ ይህ አመለካከታችንም ዞሮ በራሳችን ኑሮ ላይ ምን እንደሚያስከትል ነው። ዛሬ በሥልጣን ላይ ስላሉት ሰዎች በስም አልናገርም፤ የምናገረው ስለ መዛኞቹ፣ ማለትም ስለ እኛ ነው።

በከተማችን በጎንደር አዲስ ኃላፊ ተሾመ ሲባል ከፒያሳ እስከ አዘዞ አስቀድሞ የሚሰማው ጥያቄ «እንዴት ያለ ሰው ነው?» የሚል ነው። ምን ሊሠራ እንዳሰበ የሚጠይቅ ቢኖር ከዚያ በኋላ ነው። መልሱም ወዲያው ይገኛል፤ «ሰው አክባሪ ነው፣ ለቅሶ አይቀርም፣ ቢሮው ገብተህ ታናግረዋለህ» ይባላል፤ ወይም «ፊቱ አይፈታም፣ ከተሾመ ወዲህ ሰው አያውቅም» ይባላል። ብዙ የተማሩ ሰዎች ይህን ልማድ እንደ ኋላ ቀርነት ይቆጥሩታል፤ ሕዝቡ ስለ ዕቅድና ስለ በጀት እንጂ ስለ ሰውየው ጠባይ መጠየቅ እንደሌለበት ይናገራሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ሕዝቡ ስለ ጠባይ የሚጠይቀው በታሪኩ ውስጥ የተማረው ነገር ስላለ ነው።

ለብዙ መቶ ዓመታት በባላገሩ ላይ ግብር የሚጥለው፣ ክርክሩን የሚዳኘውና ለዘመቻ የሚጠራው አንድ ሰው ነበር። ያ ሰው ቁጡ ከሆነ ፍርዱ ይመራል፤ ስስታም ከሆነ ግብሩ ይከብዳል፤ ርኅሩኅ ከሆነ ደግሞ በክፉ ቀን ጎተራው ይከፈታል። በዚህ ዓይነት አገዛዝ ውስጥ የሹሙን ጠባይ ማወቅ የዝናቡን ወራት ከማወቅ ያላነሰ ጥቅም ነበረው። ገዥዎቹም በበኩላቸው ሕዝቡ ስለ እነርሱ ምን እንደሚል ለማወቅ ይጨነቁ ነበር። «እረኛ ምን አለ? አዝማሪ ምን አለ?» የሚለው የቤተ መንግሥት ጥያቄ እስከ ዛሬ የሚነገረው በዚህ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1721 እስከ 1730 የነገሡት ዐፄ በካፋ ልብሳቸውን ለውጠው በሕዝቡ መካከል ይዘዋወሩ እንደነበር በጎንደር የሚተረከው ታሪክም የሚነግረን ይህንኑ ነው። ሕዝቡ በግልጽ መናገር በማይችልበት ጊዜ የሹሙን ጠባይ በሰምና ወርቅ ይናገር ነበር፤ ከከተማችን ዙሪያ ከቡርቧክስ የሚወጡት አዝማሪዎች ከአባቶቻቸው የወረሱት አንዱ የሥራ ድርሻ ይህ ነበር።

የዚህ ሁሉ መራራ ምስክር ግን የቅርብ ዘመን ነው። በቀይ ሽብር ወቅት ሻለቃ መላኩ ተፈራ የጎንደር አስተዳዳሪ በነበሩበት ጊዜ የጎንደር እናቶች እንዲህ ብለው አንጎራጎሩ፦

«መላኩ ተፈራ የእግዜር ታናሽ ወንድም፣
የዛሬን ማርልኝ ሁለተኛ አልወልድም።»

በዚህ አዳራሽ ውስጥ ይህን ግጥም የማያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ያንጎራጎሩት እናቶች ልጆችም እዚህ ተቀምጠው ይሆናል። ይህች እናት ልጇን ለማስጣል ሕግ አልጠቀሰችም፣ ፍርድ ቤት አልሄደችም፤ ለአንድ ሰው ልብ ለመነች። የልጇ ሕይወት በአንድ ሰው ጠባይ ላይ ስለተንጠለጠለ ከጠባዩ በቀር የምትማጸነው ነገር አልነበራትም። እንግዲህ ሕዝቡ ስለ ሹሙ ጠባይ አብዝቶ የሚጨነቅበት አገር ሕጉ የሳሳበት አገር ነው ብዬ የምናገረው ይህችን እናት እያሰብሁ ነው።

ስለዚህ ሕዝቡ ጠባይ መመዘኑ ትክክል ነው እላለሁ፤ ችግሩ የምናየው ጠባይ ላይ ነው። የምንወድላቸው ጠባዮች አብዛኞቹ የጥሩ ጎረቤት፣ የጥሩ ደጋሽ ወይም የጥሩ ጦረኛ ጠባዮች ናቸው። የመንግሥት ሥራ የሚፈልገው ጠባይ ከነዚህ ጋር አንዳንድ ጊዜ ይገናኛል፤ ብዙ ጊዜ ግን ይጋጫል። ይህ ግጭት ከሁሉ በላይ ጎልቶ የሚታየው በለጋስነት ላይ ስለሆነ በእርሱ ላይ ጥቂት ልቆይ።

አንድ ወጣት በማዘጋጃ ቤት የአንድ ክፍል ኃላፊ ሆኖ ተሾመ እንበል። «ሹመት ያዳብር» ለማለት ዘመድ ወዳጁ ቤቱ ይመጣል። ሳምንት ሳይሞላ የአጎቱ ልጅ ሥራ እንዲያስገባው፣ የአበ ልጁ የይዞታ ካርታውን እንዲያፋጥንለት፣ የሰፈሩ ሰው ደግሞ ፋይሉን ከመዝገብ ቤት እንዲያስወጣለት ይጠይቁታል። እሺ ካለ «እጀ ሰፊ፣ ወገን የሚያውቅ፣ የእናቱ ልጅ» ተብሎ ይመረቃል። እምቢ ካለ ግን «ደረቅ ነው፤ ሹመቱ ለማን ሊሆን ነው?» ይባላል፤ እናቱም ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ፊት ይነሷታል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን አባባል ሰው ሁሉ ሲያወግዘው ይሰማል፤ ይኸው አባባል ለተሾመው ልጅ በጆሮው እንደ ምክር ሲነገር ግን የሚቆጣ ሰው አይገኝም። ያው ሕዝብ በአደባባይ ጉቦንና አድልዎን ይኮንናል፤ በጓዳ ደግሞ አድልዎ ያላደረገውን ልጅ ይቀጣል። ይህን የምናገረው ሕዝቡን ለመውቀስ አይደለም። ዘመድ ዘመዱን የሚጠይቀው በተራው ተሰልፎ ጉዳዩ ይፈጸምልኛል ብሎ ስለማያምን ነው፤ በዚህም ብዙ ጊዜ አልተሳሳተም።

ነገር ግን የለጋሹ ሹም ሥራ ሁልጊዜ አንድ የማይታይ ተጎጂ አለው። የአጎቱ ልጅ ፋይል ወደ ላይ ሲወጣ የአንዲት ሴት ፋይል ወደ ታች ወርዷል። ያች ሴት ማን እንዳወረደው አታውቅም፤ የምታውቀው «ነገ ተመለሺ» መባሏን ብቻ ነው። ስለማታውቅም ሹሙን አትረግመውም፤ ምናልባት በኮሪደር ላይ በፈገግታ ሰላም ስላላት ታመሰግነው ይሆናል። የተጠቀመው ሰው ሹሙን በየሰርጉና በየማኅበሩ ሲያወድስ፣ የተጎዳው ሰው ዝም ሲል፣ ከተማው የሚሰማው ውዳሴውን ብቻ ነው። ለጋስ የሚባለው ኃላፊ ስሙ እየገነነ የሚሄደው በዚህ መንገድ ነው። ከራሱ ደመወዝ የሚሰጥን ሰው ለጋስ ብንለው ተገቢ ነው፤ የሌላ ሰው ተራ የሚሰጠውን ግን ለጋስ ማለት አይገባንም።

ሕጉ ይህን ያውቃል። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የሀብት ማሳወቅና ማስመዝገብ አዋጅ ቁጥር 668 ተሿሚዎች፣ ተመራጮችና የተወሰኑ የመንግሥት ሠራተኞች ያላቸውን ሀብት እንዲያስመዘግቡ ያስገድዳል። የፌዴራል የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽንም ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ይሁንና በየሰፈራችን የአንድ ኃላፊ ቤት በሁለት ዓመት ውስጥ ፎቅ ሲሆን የምንሰጠው አስተያየት ምን እንደሆነ እናውቃለን፤ ግማሾቻችን «ጎበዝ ነው፣ ተቋቋመ» እንላለን። በአንጻሩ በኪራይ ቤት ገብቶ በኪራይ ቤት ከሥልጣኑ የወረደውን ሰው «ሞኝ» እንለዋለን። እንዲህ የሚያስብ ሕዝብ እያለ አዋጁ ብቻውን ብዙ አይራመድም።

ሁለተኛው የምንወደው ጠባይ ትሕትና ነው። ለቅሶ የሚደርስ፣ ከመኪናው ወርዶ ለሽማግሌ የሚሰግድ፣ በዕድሩ ድንኳን ሥር ከሰው ጋር መሬት የሚቀመጥ ኃላፊ ይወደዳል፤ መወደዱም ደግ ነው። ሆኖም ስለዚህ ከተማ ውኃ አስቡ። የአንገረብ ግድብ ከተማው ሲሰፋ አልበቃ ካለ ዓመታት አልፈዋል፤ ተስፋ የተጣለበት የመገጭ ግድብ ደግሞ ግንባታው ከታሰበለት ጊዜ እጅግ ተጓቷል። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ትሑቱም ኩሩውም፣ ተግባቢውም ዝምተኛውም ወንበሩ ላይ ተፈራርቀዋል፤ ጀሪካን ተሸክማ ሌሊት የምትወጣዋ ሴት ግን ልዩነታቸውን በቧንቧዋ ላይ አላየችውም። ለዚህ ሁሉ መጓተት ተጠያቂው የአንድ ከተማ ኃላፊ ነው አልልም፤ የገንዘቡም የግንባታውም ሥራ ከከተማው በላይ ነው። የምለው ኃላፊው በለቅሶ ቤት ሲያጽናናን ስለ ውኃው ለመጠየቅ እናፍራለን ነው። ትሕትናው ሳናውቀው አፋችንን ይዘጋዋል። ለቅሷችን ላይ ለተገኘ ሰው ምስጋና ይገባዋል፤ በማግሥቱ ቢሮው ሄደን የውኃውን ፈረቃ ለምን እንዳልተከበረ ብንጠይቀው ግን ምስጋና ቢስ አያሰኘንም።

ወደ ጀግንነትና ወደ ቆራጥነት ስመጣ በጎንደር መድረክ ላይ ከሁሉ የሚከብደውን ነገር መናገር አለብኝ። ዐፄ ቴዎድሮስ የቋራ ልጅ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1855 በደረስጌ ማርያም ሲነግሡ ለስምንት ዐሥርት ዓመታት በመሳፍንት የተከፋፈለችውን አገር አንድ ለማድረግ የተነሡ ናቸው። ስለ ግል ጠባያቸው የሚነገረው ሁሉ ያስደምማል፤ ለራሳቸው ምቾት የማይጨነቁ፣ በጦር ሜዳ ከወታደሩ ፊት የሚቀድሙ፣ በሕግ ባለቤታቸው በእቴጌ ተዋበች የጸኑ፣ ሞትን ከምርኮ የመረጡ ሰው ነበሩ። እኔም እንደ ማናችሁም ሁሉ እወዳቸዋለሁ። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1866 ይህችን ከተማ የዘረፉትና ያቃጠሉት እርሳቸው ናቸው። የጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ መጻሕፍቱና ንዋያተ ቅድሳቱ ወደ መቅደላ ተጋዙ፤ ከመቅደላም እ.ኤ.አ. በ1868 በእንግሊዝ ጦር እጅ ገብተው ባሕር ተሻገሩ። ዛሬ ለንደን ላይ የሚገኙት የጎንደር ብራናዎች ጉዞ የተጀመረው በአንድ ቆራጥ ንጉሥ ቍጣ ነው። ጀግንነታቸው እውነት ነበር፤ ቃጠሎውም እውነት ነበር፤ ሁለቱም ከአንድ ልብ የወጡ ናቸው። ቍጣቸውን የሚያግድ ምክር ቤት ወይም ሕግ ባልነበረበት ጊዜ ያ ጠባይ ከቋራ ተነሥቶ አገር አንድ አድርጎ ጎንደር ላይ ከተማ አቃጠለ። እንግዲህ «ቆራጥ ሰው ነው የሚያስፈልገን፤ ጠረጴዛ የሚመታ ነው የሚያስፈልገን» የሚል ሁሉ ያ ቆራጥነት ወደ እርሱ በሚዞርበት ቀን የሚያቆመው ምን እንደሆነ አስቀድሞ ይንገረን።

ቀላል ኑሮን በተመለከተ ረዘም ያለ ነገር አልናገርም። በ1967 ዓ.ም. መባቻ የወሎ ረሃብ ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር እየተፈራረቀ በቴሌቪዥን ታየ፤ በማግሥቱ መስከረም 2 ቀን ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በአንዲት ትንሽ ቮልስዋገን ተጭነው ከቤተ መንግሥታቸው ወጡ። የሕዝቡ ቍጣ ተገቢ ነበር። በቦታቸው የመጡት መኮንኖች ደግሞ ካኪ የለበሱ፣ ድግስ የማያውቁ ስለነበሩ ብዙ ሰው ልቡን ሰጣቸው። ሦስት ወር ሳይሞላ ኅዳር 14 ቀን ወደ ስድሳ የሚጠጉ ሰዎች ያለ ፍርድ ተረሸኑ። በታንዛኒያ በሌላ በኩል ፕሬዚዳንት ጁሊየስ ኔሬሬ ከድሃው ሕዝብ ያልራቀ ኑሮ ኖረው እ.ኤ.አ. በ1985 በፈቃዳቸው ከሥልጣን ወረዱ፤ የመንደር ምሥረታ ፖሊሲያቸው ግን እርሻውን ጎድቶ ነበር፤ ታንዛኒያውያን ዛሬም ሰውየውን እያከበሩ ፖሊሲውን ትተውታል። ሰውን ማክበርና ሥራውን መመርመር አብረው ሊሄዱ እንደሚችሉ ከእነርሱ መማር እንችላለን።

ሃይማኖተኛነትም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1667 እስከ 1682 የነገሡት ቀዳማዊ ዐፄ ዮሐንስ በመንፈሳዊነታቸው «ጻድቁ» ተብለዋል። እ.ኤ.አ. በ1668 በዚህችው ከተማ በተደረገው ጉባኤ ደግሞ እስላሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው በራሳቸው መንደር እንዲኖሩ ተወሰነ። የአዲስ ዓለም ሰፈር ታሪክ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። የንጉሡን ጸሎት እግዚአብሔር ያውቀዋል፤ የጎንደር እስላም ግን የንጉሡን ጽድቅ በዚያ ውሳኔ በኩል ነው ያገኘው። አንድ ሹም በእምነቱ ጠንካራ መሆኑን ስንሰማ እምነቱን ከማይጋራው ሰው ጋር እንዴት እንደሚሠራም መስማት አለብን።

አንድ ነገር ሳልናገር ብቀር ጥፋት ይሆንብኛል፤ ይኸውም ሴት ባለሥልጣን የምትመዘንበት ሚዛን ነው። ወንዱ ኃላፊ ቢቆጣ ኮስታራ ነው፤ ሴቷ ብትቆጣ ቀበጥ ናት። የወንዱ ትዳር አይጠየቅም፤ የሴቷ አለባበስ፣ ባል ማግባት አለማግባቷ፣ ማታ በስንት ሰዓት ቤቷ እንደምትገባ ሁሉ ይቆጠራል። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። እቴጌ ምንትዋብ እ.ኤ.አ. በ1730 ዘውድ ጭነው ሕፃን ልጃቸውን ኢያሱን፣ በኋላም የልጅ ልጃቸውን ኢዮአስን ይዘው መኳንንቱን እያስታረቁ ለብዙ ዓመታት አገር አቆዩ፤ ቍስቋምን ሠሩ። ስለ ፍቅር ሕይወታቸው የሚነገረው ሐሜት ግን ከዚህ ሁሉ ሥራ ጋር እኩል ሲተረክ ኖሯል፤ ወዳጃቸው የነበሩት ሌላው ኢያሱም «ምልምል ኢያሱ» የሚል ስም ተለጥፎባቸው ቀርተዋል። ከእርሳቸው በፊትና በኋላ የነበሩት ነገሥታት ስንት ዕቁባት እንደነበራቸው ማን ይቆጥራል? ዛሬ በከተማችን አቅም ያላቸው ሴቶች ሹመት ሲሰጣቸው የሚሸሹበት አንዱ ምክንያት ይህ አንደበታችን ነው፤ እኛም በዚህ ምክንያት ልናገኘው የሚገባንን አገልግሎት እናጣለን።

የግል ሕይወት ከየት ጀምሮ የሕዝብ ጉዳይ ይሆናል የሚለው ጥያቄ ከዚሁ ይነሣል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የማንኛውንም ሰው የግል ሕይወት ይጠብቃል፤ ሹምም ሰው ነው። የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ፍራንስዋ ሚተራን ከትዳራቸው ውጭ ሴት ልጅ እንዳለቻቸው እ.ኤ.አ. በ1994 በይፋ ሲወጣ ብዙ ፈረንሳዊ «የቤቱ ጉዳይ ነው» ብሎ አለፈው። ሆኖም ያ ሁለተኛ ቤት በመንግሥት ሕንፃ ውስጥ ተቀምጦ በመንግሥት ጥበቃ ሲኖር ነበር፤ ከዚህ ላይ ነገሩ የቤት ጉዳይ መሆኑ ያበቃል። ድንበሩ የሕዝብ ገንዘብ፣ የሕዝብ ሰዓትና የሕዝብ ሥልጣን የገቡበት ቦታ ነው። ኃላፊው ማታ መጠጣቱ የሐኪሙና የቤተሰቡ ጉዳይ ነው፤ ጠጥቶ ጠዋት ባለጉዳይ ሲያስቀር ግን የእኛ ይሆናል።

ታዲያ የትኛውን ጠባይ እንይ? ጥንታዊው ምክር ከእኛው መጻሕፍት ውስጥ አለ። ዮቶር ሙሴን ስለ ዳኞች ሲመክረው እግዚአብሔርን የሚፈሩ፣ የታመኑና የግፍን ረብ የሚጠሉ አዋቂዎችን ምረጥ አለው፤ ለጋሶችን ምረጥ አላለውም። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 17 ላይ ደግሞ ንጉሥ የሚሆነው ሰው ፈረስና ወርቅ ለራሱ እንዳያበዛ፣ የሕጉንም ግልባጭ ለራሱ ጽፎ በዘመኑ ሁሉ እንዲያነብበው፣ ልቡም በወንድሞቹ ላይ እንዳይኰራ ታዝዟል። ይህ ቦታ በፍትሐ ነገሥትም ስለ ነገሥታት በሚናገረው ክፍል ይገኛል። እዚህ ላይ ትሕትና ማለት ከሕጉ በታች መሆን ነው፤ እኛም ትሑት ሹም የምንለውን ሰው በዚህ ብንፈትነው ስንቱ እንደሚያልፍ ሁላችሁም ገምቱ።

በእኔ እምነት ሦስት ነገሮችን መጠየቅ ይበቃናል፤ ሁሉም በዓይን የሚታዩ ናቸው። ሹሙ የማያውቀውን፣ ውለታ ሊመልስለት የማይችለውን ባለጉዳይ እንዴት ያስተናግዳል? መጥፎ ወሬ ይዞለት የመጣውን የበታች ሠራተኛ ምን ያደርገዋል? ይህ ሁለተኛው በጣም ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም ኃላፊው መጥፎ ወሬ የማይወድ ከሆነ የተሰነጠቀው ድልድይም ያለቀው መድኃኒትም ሪፖርቱ ላይ «ተሟልቷል» ተብሎ ይጻፋልና። ሦስተኛው ደግሞ የሰጠውን ውሳኔ ከነምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጣል ወይ የሚል ነው። በቃሉ «እሺ» የሚል ኃላፊ ደግ ይመስላል፤ በጽሑፍ «አይቻልም» ብሎ ምክንያቱን የሚሰጥ ኃላፊ ግን የምንከራከርበትን መሣሪያ በእጃችን አስይዞናል። በግምገማ ስብሰባዎች ለረጅም ዓመታት ስንሰማቸው የኖርናቸው «አድርባይ»፣ «ትምክህተኛ»፣ «ኪራይ ሰብሳቢ» የሚሉት ቃላት ሰውን ከማሸማቀቅ በቀር ብዙ ያላስገኙት እንዲህ ባለ የሚታይ ሥራ ላይ ስላልቆሙ ይመስለኛል።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን፣ ኃላፊነቱን ያጓደለም እንዲጠየቅ፣ ሕዝቡም በመረጠው ላይ እምነት ሲያጣ ከቦታው እንዲያነሣው ደንግጓል። ይህን መብት የሚጠቀም ሕዝብ ስለ ሹሙ ፊት መፈታት ያን ያህል አይጨነቅም። እስከዚያው ግን በእጃችን ያለ፣ አዋጅ የማይጠብቅ ሥራ አለ፤ እርሱም በቤተሰብ ውስጥ ነው። የተሾመውን ልጃችንን እንኳን ደስ ያለህ ልንለው ስንሄድ፣ ታላቅ የሆነው አጎት ወይም የንስሐ አባቱ ወይም ሸኹ ተነሥቶ በዘመድ ሁሉ ፊት «ከእኛ ማንም ጉዳይ ይዞ ቢሮህ አይመጣም፤ የመጣም ቢኖር በተራው ይሰለፋል፤ እምቢ ብትለው እኛ ከአንተ ጋር ነን» ቢለው፣ ያ ልጅ በማግሥቱ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ከጀርባው የሚገፋው እጅ ይቀንስለታል፤ እናቱንም ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ፊት የሚነሳት አይኖርም።

አሁን መድረኩን ለእናንተ እለቃለሁ። በተለይ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ቆይታችሁ ለዘመድ እምቢ በማለታችሁ ዋጋ የከፈላችሁ በዚህ አዳራሽ ካላችሁ፣ አስቀድማችሁ እንድትናገሩ እጠይቃችኋለሁ።